ኮሪያኛ ኪቦርድ ጨምሬ አሁንም የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ምን ላርግ?

ጀማሪ_ተማሪ
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። ኮሪያኛ መማር ከጀመርኩ አምስት ወር ሆነኝ፣ ማንበብ ችያለሁ በእጄም እጽፋለሁ፣ አሁን ግን አስተማሪዬ የቤት ስራውን ደብተር ላይ ጽፈሽ ፎቶ አንስተሽ አትላኪልኝ በኮምፒውተር ጻፊው አለችኝና እዛ ላይ ተያዝኩ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 ነው፣ እንግሊዝኛና አማርኛ አለው። ሴቲንግ ገብቼ ኮሪያኛን ጨመርኩ፣ ዳውንሎድ አርጎ ጨረሰ፣ ከታች ሰዓቱ ጋርም ኮሪያኛ መሆኑን ያሳያል፣ ስጽፍ ግን የሚወጣው ኤ ቢ ሲ ዲ ነው። ሦስቴ አጥፍቼ መልሼ ጨመርኩት፣ ያው ነው። እስካሁን ስልኬ ላይ እጽፍና ቴሌግራም ላይ ለራሴ ልኬ ከዛ ላፕቶፑ ላይ ኮፒ አረጋለሁ፣ አንድ ገጽ ለመጨረስ ማታዬን ሙሉ ይወስዳል በጣም ደክሞኛል። ደሞ ኪቦርዱ ላይ ፊደሎቹ የሉም፣ ስቲከር መግዛት አለብኝ ወይስ ሌላ መላ አለው? የምታውቁ እባካችሁ።

ቹንቾን_ነዋሪ
እህቴ ምንም አልተበላሸም፣ አታጥፊው። ከስፔስ በስተቀኝ ያለውን አልት አንዴ ንኪው፣ በቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ አማርኛና እንግሊዝኛን በዊንዶውስና በስፔስ ነው የምትቀያይሪው አይደል፣ ኮሪያኛው ግን ከገባሽበት በኋላም በውስጡ ሁለት ነገር አለው፣ አንዱ ኮሪያኛ አንዱ እንግሊዝኛ። እዚህ ሰዎች አንድ አረፍተ ነገር ውስጥ የእንግሊዝኛ ቃል ሲያስገቡ ቋንቋውን ሙሉ በሙሉ መቀየር እንዳያስፈልጋቸው ነው እንደዛ የተሰራው። እዚህ ኮሪያ የሚሸጠው ኪቦርድ ላይ እዛው ቦታ «ሃን ዮንግ» የሚል ቁልፍ አለ፣ የኛ ኪቦርድ ላይ ያንን ስራ የሚሰራው የቀኙ አልት ነው። ሰዓቱ ጋር ተመልከቺ፣ የእንግሊዝኛ ኤ ከሆነ ያለው እንግሊዝኛ ነሽ፣ «ጋ» የምትለዋ የኮሪያ ፊደል ስትሆን ጻፊ። እኔም መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ውስጥ ይሄንን ሳላውቅ ግማሽ ክፍለ ጊዜ አልፎብኛል፣ የሚነግርሽ ሰው ከሌለ በራስሽ አታገኚውም።

የቀኝ አልት የሌላቸው ትንንሽ ላፕቶፖች አሉ። እንደዛ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ኮሪያኛ አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተሽ ላንጉዌጅ ኦፕሽንስ ግቢ፣ ኪቦርድ ሌይአውት የሚለውን ቀይሪና 3ኛውን ዓይነት ምረጪ፣ ከዛ በኋላ በሺፍትና በስፔስ ይቀያየራል። ሪስታርት ማረግ ግን ግድ ነው።

ፊደል_ወዳድ
ስቲከሩን አትግዢ ባይ ነኝ። ስቲከር ካለ አይንሽ ሁሌ ወደታች ነው የሚያየው፣ ጣትሽም አይለምድም። ዊንዶውስ፣ ኮንትሮልና ኦ አንድ ላይ ስትነኪ ስክሪኑ ላይ ኪቦርድ ይመጣል፣ ኮሪያኛ ላይ ስትሆኚ ፊደሎቹን ያሳይሻል፣ እሱን ከፍተሽ ሁለት ሳምንት ተለማመጂ።

ዋናው ግን ይሄንን ብታውቂ ይቀልሻል፣ አማርኛ ኪማን በሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ስንጽፍ በድምጽ ነው፣ ኤስ ስንነካ ስ ይመጣል ዩ ስንጨምር ሱ ይሆናል። ኮሪያኛው እንደዛ አይደለም፣ በድምጽ ብትፈልጊው ትጠፊያለሽ፣ የሚሰራው በቦታ ነው። ግራ እጅሽ ተነባቢ ቀኝ እጅሽ አናባቢ። 14ቱ መሰረታዊ ተነባቢዎች በሙሉ ግራ በኩል ናቸው፣ ከላይ እስከ ቲ፣ መሀል እስከ ጂ፣ ታች እስከ ቪ። ከዋይ፣ ከኤችና ከቢ ጀምሮ ያለው ሁሉ አናባቢ ነው። ጠንካሮቹን ድርብ ተነባቢዎች ከፈለግሽ ከላይ ግራ ያሉትን አምስቱን በሺፍት። ይሄ አደራደር ዱቦልሺክ ይባላል፣ ሁለት ስብስብ እንደማለት ነው። ሴቦልሺክ የሚባል ባለ ሦስት ስብስብም ምርጫው ውስጥ ታያለሽ፣ እሱን አትንኪው አብዛኛው ኮሪያዊም አይጠቀምበትም።

ለምሳሌ «ሃንጉክ» ለማለት ጂ ኬ ኤስ፣ አር ኤን አር። ተነባቢ አናባቢ ተነባቢ፣ ግራ ቀኝ ግራ፣ ሁለቴ። ኮምፒውተሩ ራሱ ሰብስቦ ሁለት ሳጥን (ፊደሎቹ አንድ ላይ የሚቆሙበት ክፍለ ቃል) ያረግልሻል፣ ስፔስ ምናምን አትንኪ። ሊገጣጠሙ የሚችሉት ሳጥኖች 11,172 ናቸው፣ ግን ጣትሽ የሚያውቀው እነዚህን ጥቂት ቁልፎች ብቻ ነው፣ እኔ በበኩሌ ይሄ ነገር በጣም ነው የሚገርመኝ፣ የኛም ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሲሄድ ቅርጹ እንደሚለዋወጠው ማለት ነው፣ ልዩነቱ እነሱ አናባቢውን ለብቻው ፊደል አርገው አውጥተውታል።

ማክ_ተጠቃሚ
ማክ ያላችሁ ደሞ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ኪቦርድ፣ ኢንፑት ሶርስ ውስጥ ገብታችሁ ኮሪያኛ ስትሉ ብዙ ይመጣል፣ ቱ ሴት የሚለውን ምረጡ፣ ከላይ የተባለው ዱቦልሺክ ማለት እሱ ነው።

ሊኑክስ_ቤት
ኡቡንቱ ለምትጠቀሙ፣ «ኮሪያን» ብቻ የሚለውን ከመረጣችሁ ፊደሎቹን አይገጣጥምም። አይባስ ሃንጉል የሚባለውን ጫኑና ወጥታችሁ ግቡ፣ ከዛ ቅንፍ ውስጥ ሃንጉል የሚል ያለውን ነው የምትጨምሩት። እኔ ሁለት ቀን የፈጀብኝ እዚህ ጋር ነው።

ጀማሪ_ተማሪ
ሰራልኝ!! አልቱን ስነካ «ጋ» መጣች፣ ጮህኩ እናቴ ምን ሆንሽ ብላ መጣች። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፣ አንድ ለማለት «ሃና» ስጽፍ ጂ ኬ ኤስ ላይ ስደርስ «ሃን» የሚል ሳጥን ይሆናል፣ እኔ የምፈልገው ኤስ ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ እንዲሆን ነው፣ ስለዚህ እያጠፋሁ እንደገና እጀምራለሁ። መሀል ላይ ምን ልንካ?

ፊደል_ወዳድ
ምንም አትንኪ አታጥፊም፣ ዝም ብለሽ ቀጥዪ። ኬን ስትጨምሪ «ን» ራሷ ከመጀመሪያው ሳጥን ወጥታ ወደ ሁለተኛው ትዘላለች። አናባቢ ብቻውን ሳጥን መጀመር ስለማይችል ኮምፒውተሩ ከፊቱ ያለውን ተነባቢ ይወስድለታል። በዚሁ ምክንያት ቃሉ በአናባቢ ድምጽ የሚጀምር ከሆነ ድምጽ አልባዋን ክብ መጀመሪያ መንካት አለብሽ፣ ዲ ላይ ናት። «አንዮንግ» ዲ ኬ ኤስ፣ ኤስ ዩ ዲ። በእጅሽ ስትጽፊ ክቧን እንደማትረሻት እዚህም አትርሻት።

ጀማሪ_ተማሪ
ዘለለች! አሁን ገባኝ። ሙሉ ገጹን ያለ ስልክ ጽፌ ልኬላታለሁ፣ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ።