ከጅማ ወደ ሙኒክ፦ ቤቱን ሳላይ መያዣ ልላክ?

የቆጪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ጅማ ነው። ሙኒክ ማስተርስ አግኝቼ ቪዛዬም ወጥቷል፣ ትምህርቱ ጥቅምት ላይ ይጀምራል። የቀረኝ ቤት ብቻ ነው፣ እሱ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ለስንቱ ጽፌ መልስ የለም። አሁን ግን አንድ ሰው መለሰልኝ። መሀል ከተማ ዕቃ የተሟላለት ስቱዲዮ ነው፣ ከነማሞቂያው በወር 450 ዩሮ። አከራዩ ለሥራ ለንደን ስለሆነ ማሳየት አልችልም አለኝ፣ የሁለት ወር ኪራይ መያዣ ከላክሽ ቁልፉን በፖስታ እልክልሻለሁ ብሏል። የፓስፖርቴን ኮፒም ይፈልጋል። ሪያድ ያለው አጎቴ ብሩን ነገ ሊልክለት ተዘጋጅቷል። እዚህ እኮ ቆጪም ሆነ ጅሬን ቤት ስንከራይ ከደላላው ጋር ሄደን አይተን፣ ውሃው በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣ ጎረቤት ጠይቀን ነው። ሳላይ መክፈሉ ከበደኝ። ማደሪያ ሳይኖረኝ እዚያ መድረሱም ያስፈራል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ኢዛር_ማዶ፦
እህቴ፣ አጎትሽን ዛሬውኑ አስቁሚው። ሰውየው ሌባ ነው። ውጭ አገር ያለ አከራይ፣ በፖስታ የሚላክ ቁልፍ፣ የማይታመን ዋጋ፤ ሁሌም ይሄው ነው የሚሉት። ሙኒክ ከጀርመን ትልልቅ ከተሞች ሁሉ ኪራይ የሚወደድባት ናት። በዚያ ዋጋ መሀል ከተማ የጋራ ቤት ውስጥ አንዲት ክፍል ማግኘት ራሱ ይከብዳል። ማስታወቂያው የታወቀ ሳይት ላይ መውጣቱም ዋስትና አይሆንሽም፣ ሌቦቹ የሌላ ሰው ቤት ፎቶ ወስደው እዚያው ይለጥፋሉ።

ከጅማ ሆነሽ ቋሚ ቤት ፍለጋ አትድከሚ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት የሚሆን ጊዜያዊ ክፍል ፈልጊ። ተከራዩ ለእረፍት ወይም ለትምህርት ሲሄድ ለሌላ የሚያስተላልፈው ክፍል አለ፣ ትስቪሸንሚተ ይሉታል፣ ቬጌ ገዙኽት የሚባል የክፍል ማስታወቂያ ሳይት ላይ ይወጣል። ከምንም በፊት ግን አንሜልዱንግ፣ ማለትም የአድራሻ ምዝገባ፣ ይቻላል ወይ ብለሽ ጠይቂ። በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻሽን ማስመዝገብ ግዴታ ነው፣ ለዚህ ደግሞ አከራዩ የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል። ያ ምዝገባ ከሌለ የግብር ቁጥሩም፣ የመኖሪያ ፈቃዱም፣ ባንኩም ይጓተትብሻል። አይቻልም የሚልሽ ካለ ዋጋው ቢያጓጓሽም እለፊው። ደግሞ ከመስከረም 10 አካባቢ ጀምሮ ኦክቶበርፌስት ስላለ የሆስቴል ዋጋ አይቀመስም፣ ሆስቴል የምታርፊ ከሆነ ቀድመሽ ያዢ።

ሔርማታ_ልጅ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ የብሩን ነገር ልጨምር፣ ብዙ ልጆች የሚጨነቁት እዚህ ላይ ነው። ለቪዛው ብለሽ ብሎክድ አካውንት (በየወሩ እየተከፈለ ብቻ የሚለቀቅ ዝግ ሂሳብ) ውስጥ 11,904 ዩሮ ብታስገቢም በወር የሚለቀቅልሽ 992 ብቻ ነው። የመጀመሪያው ኪራይና መያዣው አብረው ሲመጡ ከዚያ አይወጣም። ስለዚህ አጎትሽ ያዘጋጀውን ብር ለዚያ ጊዜ ያቆይልሽ። በሕጉ መያዣ ከሦስት ወር ካልትሚተ መብለጥ አይችልም፣ ካልት ማለት ማሞቂያና ውሃ ሳይጨመርበት ነው። መያዣውን ሦስት ቦታ ከፍሎ መክፈልም መብትሽ ነው፣ የመጀመሪያውን ከኪራዩ ጋር፣ ቀሪውን በሚቀጥሉት ሁለት ወራት። ማስታወቂያ ስታነቢ ግን ቫርም የሚለውን፣ ማሞቂያና ውሃ የተጨመረበትን ቁጥር እዪ፣ ከኪስሽ የሚወጣው እሱ ነው። የደላላው ነገር ከእኛ ይለያል። በፈረንጆቹ ከ2015 ጀምሮ የኪራይ ቤት ደላላን የሚከፍለው የቀጠረው ወገን ነው፣ ብዙ ጊዜ አከራዩ። ቤት ለማሳየት ብቻ ክፈይ የሚልሽ ካለ ሽሺ።

ሹፋ ቢጠይቁሽ አትደንግጪ። የብድርና የክፍያ ታሪክ የሚያሳይ ወረቀት ነው፣ አዲስ ለገባ ሰው ደግሞ አይኖረውም። ይህንኑ በግልጽ ጽፈሽ የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤና የብሎክድ አካውንቱን ማረጋገጫ አያይዢ። መልእክቱ በጀርመንኛ ይሁን፣ አጭር ይሁን፣ ማን እንደሆንሽና ምን እንደምትማሪ ይናገር።

መምህር_ጅማ፦
ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከሙኒኩ ኤልኤምዩ ዩኒቨርሲቲ ጋር ለዓመታት ሲሠራ ቆይቷል። እዚያ ተምረው የተመለሱ መምህራን ግቢ ውስጥ አሉ፣ ቢሯቸው ድረስ ሄደሽ ጠይቂ። አንድ የሚያውቁት ሰው ሄዶ ክፍሉን ካየልሽ ግማሹ ጭንቀት ቀለለ ማለት ነው። የተማሪ ዶርም የሚሰጠው ሽቱዲረንደንቬርክ ነው፣ ወረፋው ብዙ ሴሚስተር ሊወስድ ስለሚችል ዛሬውኑ ተመዝገቢ። ፍለጋሽን ወደ ዳሐውና ፍራይዚንግም አስፊው፣ በኤስባን ባቡር ከሙኒክ ጋር ይገናኛሉ።

የቆጪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አጎቴን ደውዬ አስቁሜዋለሁ። ነገ ጠዋት ግቢ እሄዳለሁ። ፓስፖርቴን አልላክሁም፣ ሰውየው ግን አሁንም እየጻፈ ነው፣ ሌላ ሰው ሊወስደው ነው ፍጠኚ ይለኛል።

ኢዛር_ማዶ፦
አትመልሺለት። ኮፒውን ቢያገኝ በአንቺ ስም ሌላ ሰው ያታልልበታል። ማስታወቂያውን ለሳይቱ ሪፖርት አድርጊና ብሎክ አድርጊው። ክፍል ስታገኚ ሊንኩን እዚህ ለጥፊው፣ ሙኒክ ውስጥ ከሆነ ቅዳሜ ሄጄ አይልሻለሁ።