የኩላሊት እጥበት ወይስ አረጋውያን ማዕከል? ለጀማሪ ነርስ የቱ ይሻላል (ጎንደር)

የማራኪዋ ልጅ

ሰላም የሙያ ጓደኞቼ። ዘንድሮ በነርሲንግ ተመርቄ የሙያ ፈቃዴን አውጥቻለሁ። ሲቪ ይዤ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ስዞር ከርሜ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም፣ አሁን ደግሞ በአንድ ሳምንት ሁለት ሥራ መጣልኝ።

አንዱ የግል የኩላሊት እጥበት ማዕከል ነው። ሌላው ወደ አዘዞ መውጫ ያለ፣ አረጋውያንና አልጋ የያዙ ሰዎችን በቋሚነት የሚንከባከብ የግል ማዕከል ነው። ደሞዙ ተቀራራቢ ነው፣ የእጥበቱ ትንሽ ይበልጣል። ችግሩ ዳያሊሲስን (እጥበቱን) ተማሪ እያለሁ በር ላይ ቆሜ ነው ያየሁት፣ ማሽኑ ሲጮህ ልቤ ይደነግጣል። አረጋውያኑ ጋ ደግሞ ሐኪም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚመጣው።

እናቴ «ሽማግሌ መጦር ጽድቅ ነው፣ እዚያ ግቢ» ትላለች። ጓደኞቼ «አስታማሚ ሆነሽ ትቀሪያለሽ» ይሉኛል። እኔ ወደፊት ሆስፒታል መቀጠር ነው የምፈልገው። እስከ ሰኞ መልስ ስጪ ተብያለሁ፣ የምታውቁ ንገሩኝ።

ማሽን ክፍል

እኔ እጥበት ክፍል ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ባዳላ አትፍረጂብኝ። ማሽኑ አያስፈራሽ። ማሽን ሲጮህ ምክንያቱን አብሮ ይናገራል፤ አየር ገብቷል፣ መስመሩ ታጥፏል፣ ግፊቱ ጨምሯል ይልሻል፣ በጥቂት ወር ትለምጂዋለሽ። የሚከብደው ሰውየው ነው። 4 ሰዓት ሙሉ አጠገብሽ ተቀምጦ ሲያጫውትሽ ይቆይና ድንገት ዝም ይላል። ያዛጋል፣ ግንባሩን ያልበዋል። ደም ግፊቱ እየወረደ ነው። ማሽኑ ሳይጮህ አንቺ ቀድመሽ ካየሽው፣ ፈሳሽ መሳቡን አቁመሽ እግሩን ከፍ ካደረግሽለትና ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) ከሰጠሽው፣ ያኔ ነርስ ሆነሻል።

ሥራው የሚጀምረው ሚዛን ላይ ነው፣ የጨመረው ኪሎ ነው እንደ ውሃ የሚሳበው። የእኛ ሰው ጋቢውን ሳያወልቅ ነው ሚዛን ላይ የሚወጣው። ጋቢው እንደ ውሃ ተቆጥሮ ከሰውነቱ ከተሳበ በኋላ ሰውየው ሲነሳ ይወድቅብሻል። «አባባ፣ ጋቢውን» ማለት በቀን አሥር ጊዜ ነው። ከዚያ ፊስቱላውን (ክንዱ ላይ ለእጥበት መርፌ እንዲገባበት በቀዶ ጥገና የተገናኘውን የደም ሥር) በጣትሽ ትዳስሻለሽ፣ ንዝረቱ ከጠፋ መርፌ አትነኪም፣ ለሐኪም ነው የምትደውይው። በዚያ ክንድ ደም ግፊት መለካትም ሆነ መስመር መክፈት የለም።

ስለ ምግብ ማስተማርም ያንቺ ነው። ሙዝ፣ ድንች፣ ቲማቲም ፖታሲየም ስላላቸው ቀንሱ ማለት ቀላል ነው፣ ግን ዐቢይ ጾም ላይ ሽሮና ምስሩንም በልክ ስትያቸው «ታዲያ 55 ቀን ምን ልብላ?» ይሉሻል። መልስ ይዘሽ መቅረብ አለብሽ።

ውሃና መብራት ደግሞ አለ። አንድ ታካሚ በአንድ ጊዜ እጥበት 120 ሊትር ገደማ የተጣራ ውሃ ያልፍለታል፣ የጎንደርን ውሃ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ጠዋት ታካሚ ከመግባቱ በፊት ውሃው ውስጥ ክሎሪን አለመኖሩ ይመረመራል፣ ካለፈ ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ በባትሪ ትንሽ ይቆያል፣ ጀነሬተሩ ከዘገየ ፓምፑን በእጅሽ እያዞርሽ ደሙን ለባለቤቱ ትመልሻለሽ። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት እንዲያሳዩሽ ጠይቂ።

እኔን የሚያደክመኝ ግን ይሄ ሁሉ አይደለም። በሳምንት 3 ጊዜ መታጠብ ያለበት ሰው ገንዘብ አጥሮት ሁለቴ፣ አንዳንዴም አንዴ ይመጣል። ከደባርቅ፣ ከመተማ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚታጠብ አለ። ቀን ዘሎ ሲመጣ እግሩ አብጦ፣ ትንፋሹ አጥሮ ነው፣ ለምን ቀረህ ብለሽ መቆጣትም አትችዪም።

ጉዳቱ? ከዚህ ክፍል ውጭ ያለውን ትረሺዋለሽ። እና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልወሰድሽ ዛሬ ነገ ሳትዪ ጀምሪ፣ 3 ዙር ነው፣ ለማለቅ 6 ወር ይፈጃል።

ሲስተር ከቀበሌ 18

ልጄ፣ እናትሽ ደግ ናቸው፣ ግን በጽድቅ ሥራ አይመረጥም። አስታማሚ ትሆኛለሽ የሚሉሽም አልጋ የያዘ ሰው አገላብጠው የማያውቁ ናቸው።

አረጋውያን ላይ የምትማሪው ዓይን ነው። ሽማግሌ ሰው ሲታመም እንደ ወጣት ትኩሳት አያሳይሽም። ሁልጊዜ «ቡናው ቀጠነ» ብለው የሚቆጡሽ እማማ አንድ ቀን ዝም ካሉ፣ ወይም የገዛ ልጃቸውን ስም ከሳቱ፣ እርጅና ነው ብለሽ አትለፊው። ስኳራቸውን ለኪ፣ ሽንታቸውን እይ፣ ውሃ መጠጣታቸውን ጠይቂ፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ካለ አጣሪ። ብዙውን ጊዜ ከነዚህ አንዱ ነው።

የአልጋ ቁስልን በተመለከተ መጽሐፉ ቆዳው ይቀላል ይልሻል። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱን የት ታይዋለሽ? በእጅሽ ጀርባ ዳሺው፣ ከዙሪያው ይሞቃል ወይም ይጠነክራል። መቀመጫ፣ ዳሌና ተረከዝ ላይ ነው የሚጀምረው። በየ 2 ሰዓቱ አገላብጪ ይባላል፣ በጥቂት ሠራተኛ ሌሊቱን ሙሉ ይህን ማድረግ ቀልድ አይደለም፣ ወገብሽንም ተጠንቀቂ። ሰው ብቻሽን አትሸከሚ፣ አንሶላ ተጠቅማችሁ ለሁለት ነው።

ቤተሰቡ ሌላ ሥራ ነው። በእኛ ከተማ እናቱን ማዕከል ያስገባ ልጅ ጎረቤት ያማዋል፣ ያን እፍረት ይዞ መጥቶ አንቺ ላይ ያወርደዋል። «ለምን ከሱ?» ብሎ ይጮህብሻል። አትመልሺለት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ጥሪውና ራሱ ያጉርሳቸው፣ ለመዋጥ ምን ያህል እንደሚቸገሩ ያያል።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ሌሊት ከአንቺ ጋር ማን ነው የሚያድረው?

አራዳ ልጅ

ኧረ ሁለት ሥራ አግኝቶ ማማረጥ! ከ1947 ጀምሮ የጤና ባለሙያ የምታሠለጥን ከተማ ውስጥ ስንቱ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ባጃጅ ይነዳል። እኔ ብሆን የማየው ደሞዝ በወቅቱ የሚከፍለውን ነው። እዚያ የሚሠሩትን ልጆች ሻይ ጋብዢና ጠይቂ፣ አለቃው አይነግርሽም። ማታ ከአዘዞ መልስ ትራንስፖርቱንም አስቢው፣ ሰርቪስ ከሌለ ደሞዝሽ ባጃጅ ላይ ያልቃል።

የማራኪዋ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሲስተር፣ እርስዎ ባሉኝ መሠረት ዛሬ ሄጄ ጠየቅኩ። አረጋውያኑ ጋ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ሌሊት ብቻዬን ነኝ፣ ከእኔ ጋር ሁለት ረዳቶች አሉ፣ ነርስ ግን የለም። እጥበቱ ጋ 3 ወር ከሲኒየር ጋር ነው የምቆመው። ግን የሁለት ዓመት ውል ፈርሚ፣ ኦርጅናል ዲግሪሽንም እኛ ጋ አስቀምጪ አሉኝ። ይሄኛው ጨነቀኝ።

ሲስተር ከቀበሌ 18

በሁለተኛ ሳምንት ብቻሽን? አይሆንም ልጄ። እማማ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትንፋሽ ቢያጥራቸው ማንን ትጠሪያለሽ? አረጋውያን ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥ ሥራ ነው፣ ግን ዋርድ ወይም ሌላ ቦታ የሚያስተምርሽ ሰው አግኝተሽ ከሠራሽ በኋላ ተመለሺበት። ሲኒየር ያለበት ግቢ።

ማሽን ክፍል

ኦርጅናል ለማንም አይሰጥም! ኮፒ ስጫቸው፣ ከፈለጉ ኦርጅናሉን አይተው ያመሳክሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። «አሰልጥነንሻል» ብለው ለብቻው የሚያስፈርሙሽ ወረቀት ካለ ግን እሱን ቤት ወስደሽ አንብቢው፣ እዚያው ቆመሽ አትፈርሚ። ብዙ ጊዜ ጠንከር ብለሽ ስትጠይቂ ኦርጅናሉን ይተዉታል፣ ልምድ ያለው ነርስ አጥተው ነው ጀማሪ የሚፈልጉት።

ከተስማማችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ድረሺ፣ ማሽኑ ሲዘጋጅ ከመጀመሪያው ማየት አለብሽ። ጫማሽ የማያንሸራትት ይሁን፣ ወለሉ ሁሌም እርጥብ ነው።