ላይቭ ሮኬ ጸጉር አበቀለ፣ ፍቄ ፍቄ ሰለቸኝ

ኮራሏ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ። አርሊንግተን ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ የ40 ጋሎን የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ፣ ስምንት ወር ሆኖታል። ውስጡ ሁለት ክላውን ፊሽና አንድ ሮያል ግራማ የሚባል አሳ አለ፣ ድንጋዮቹ (ላይቭ ሮክ የሚባሉት) ላይ ደግሞ ትንሽ ዞአ ኮራል። አሁን ላይቭ ሮኩ በሙሉ አረንጓዴ ጸጉር የመሰለ አልጌ ለብሷል፣ የበግ ለምድ በሉት፣ ፓምፑ ሲነፋበት ይወዛወዛል። ሁለቴ እዛው ውሃ ውስጥ እንዳለ በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግኩት፣ በሁለት ሳምንት ተመልሶ መጣ፣ እንደውም ድሮ ምንም ያልነበረበት ድንጋይ ላይ ሁሉ ወጣ። ናይትሬት 5፣ ፎስፌት 0.02 ነው የሚያሳየኝ፣ ስለዚ ውሃው ንጹህ ነው ማለት ነው አይደል? መብራቱ በቀን 12 ሰዓት ይበራል። ውሃ የምቀይረው ከቧንቧ ነው ግን ክሎሪን ማጥፊያውን ረስቼ አላውቅም። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ናት፣ "ምን ያስጨንቅሻል፣ አውጥተሽ ቀቅይውና በረኪና ውስጥ ዘፍዝፊው" ትለኛለች፣ እኔም ከመሰልቸቴ የተነሳ ትልቁን ድስት ላወጣ ነው። ምን ትላላችሁ?

አሳ ወዳጅ፦ አረ እንዳትቀቅይው!! ዞአ አለበት ብለሻል። ዞአና ፓሊ ከሚባሉት ኮራሎች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው፣ ድንጋዩ ሲፈላ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣና ቤቱን ይሞላዋል። እንደዚ አድርገው ሳልና ትንፋሽ ማጠር ይዟቸው ቤተሰቡ በሙሉ ሆስፒታል የገባ ሰዎች አሉ። ስትፈገፍጊም ጓንትና መነጽር አድርጊ፣ ዞአው ያለበትን ቦታ በብሩሽ አትንኪው፣ አይን ውስጥ ከተረጨ ጣጣ ነው። በረኪናውንም ተይው፣ ላይቭ ሮክ የተባለው እኮ ቀዳዳው ውስጥ በሚኖሩት ባክቴሪያዎች ነው፣ የአሳውን አሞኒያ የሚያጠፉልሽ እነሱ ናቸው፣ እነሱን ገድለሽ ድንጋዩን ብትመልሽው ቀጥሎ የሚሞተው አሳው ነው። እማማን ግን ሰላም በይልኝ 😄

ዱባይ ነኝ፦ ስህተትሽ እዛው ውስጥ መፈግፈግሽ ላይ ነው እህቴ፣ ብጥስጣሹ ፓምፑ በትኖት ሌላ ድንጋይ ላይ ሄዶ ይበቅላል። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው፣ ውሃ በምቀይርበት ቀን ያወጣሁትን ውሃ ሁለት ባልዲ ላይ እከፍለዋለሁ፣ ድንጋዩን አንዱ ባልዲ ውስጥ አድርጌ መጀመሪያ በእጄ እንደ ሳር እነጫለሁ፣ ረጅሙ በእጅ ነው የሚወጣው፣ የቀረውን በብሩሽ፣ ከዛ ሁለተኛው ባልዲ ውስጥ ነክሬ አራግፌ እመልሰዋለሁ። ባልዲው የአኳሪየሙ ውሃ መሆን አለበት፣ የቧንቧ ውሃ አታስነኪው። እምቢ ያለ ቦታ ካለ ከፋርማሲ የሚገዛውን 3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ድንጋዩ ከውሃ ወጥቶ እያለ አልጌው ላይ ብቻ ጠብ ጠብ አድርጊበት፣ ኮራሉን ሳትነኪ፣ ሁለት ሶስት ደቂቃ ቆይተሽ እጠቢውና መልሽው፣ በቀናት ውስጥ ይነጣል። ሽሪምፕ ካለሽ ግን ተጠንቀቂ፣ ፐርኦክሳይድ አይስማማውም። አንድ ቀን ሁሉንም ድንጋይ አታውጪ፣ ዛሬ አንድ ሁለት፣ በሳምንቱ ደግሞ ሌላ።

ታንከኛው፦ ምን አደከማችሁ፣ የሎ ታንግ ግዢ፣ በሳምንት ላጭቶ ይጨርስልሻል።

አሳ ወዳጅ፦ ታንከኛው፣ 40 ጋሎን ውስጥ ታንግ? ቀኑን ሙሉ ሲዋኝ የሚውል አሳ እኮ ነው። ለሷ የሚሆነው ቀንድ አውጣ ነው፣ ትሮከስ ወይ ቱርቦ። ቱርቦው ጎበዝ በላተኛ ነው ግን በደንብ ያልተደገፈ ኮራል ገፍቶ ይጥላል። ረጅሙን ጸጉር ደግሞ አብዛኞቹ አይነኩትም፣ አንቺ መጀመሪያ አሳጥሪላቸው።

ጋሽ ፓምፕ፦ ልጄ፣ ሁሉም ስለ መፈግፈግ አወራ፣ ከየት እንደመጣ ግን ማንም አልጠየቀሽም። እኔ ዲሲ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። የዲሲም የአርሊንግተንም ውሃ ከአንድ ቦታ ነው የሚመጣው፣ እዛ ከ2004 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ውሃው ውስጥ ኦርቶፎስፌት ይጨመራል፣ ከቧንቧው እርሳስ እንዳይሟሟ ብለው ነው። ለሰው ጥሩ ነው፣ ለአልጌ ግን ማዳበሪያ ማለት ነው። ክሎሪን ማጥፊያሽ ክሎሪኑን እንጂ ፎስፌቱን አያወጣውም። የሚተነውንም በቧንቧ ውሃ የምትሞይ ከሆነ ደግሞ ይጠራቀማል፣ ወጥ ሲንተከተክ ውሃው ይሄድና ጨዉ ይቀር የለ፣ እንደዛ ነው። 0.02 ያሳየሽም ንጹህ ሆኖ ሳይሆን አልጌው ስለበላው ነው። ከቧንቧው ቀድተሽ ለኪውና ንገሪን። መፍትሔው አርኦዲአይ ውሃ ነው፣ የሟሟበት ነገር ሁሉ ተጣርቶ የወጣለት ማለት ነው፣ አሳ የሚሸጡት ጋ በጋሎን ይገኛል፣ ቲዲኤሱ (ውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር ልኬት) 0 መሆኑን እይ። መብራቱንም ወደ 8 ሰዓት አውርጂው። ምግብስ በቀን ስንቴ ነው?

ኮራሏ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ከቧንቧው ቀድቼ ለካሁ፣ ካርዱ ላይ ያለው የመጨረሻው ጥቁር ሰማያዊ ሆነ 😳 ስምንት ወር ሙሉ በገዛ እጄ እያዳበርኩት ነበር ማለት ነው። ምግብ እኔ በቀን አንዴ ነው የምሰጠው... ብዬ ልጽፍ ስል እማዬን ጠየቅኳት። ለካ እኔ ስራ ስሄድ ጠዋትም ቀንም ትሰጣቸዋለች፣ "መስታወቱ ጋ መጥተው አይን አይኔን ያዩኛል፣ እየራባቸው ዝም ልበል?" አለችኝ።

ዱባይ ነኝ፦ 😂😂 አሳ ሁሌም ነው አይን አይን የሚያይ። የቀኑን ድርሻ ትንሽ እቃ ላይ ለይተሽ ስጫት፣ ሲያልቅ አለቀ፣ ዋናውን ጣሳ ደብቂው።

ጋሽ ፓምፕ፦ እናትሽን አትቆጫት። ጂኤፍኦ የሚባለውን የብረት ኦክሳይድ ጥራጥሬ ፊልተር ውስጥ ማድረግ ትችያለሽ ፎስፌቱን ይይዛል፣ ግን በትንሹ ጀምሪ፣ ባንዴ ዜሮ ካወረድሽው ኮራሉ ይጎዳል፣ ዳይኖ የሚባል ከዚህ የባሰ ቡናማ ንፍጥም ሊመጣብሽ ይችላል። ድንጋዩ ራሱ ፎስፌት ጠጥቶ ስለሚይዝ ውሃውን ከቀየርሽ በኋላም ቀስ እያለ ይለቃል፣ ስለዚህ ወር ሁለት ወር ተመልሶ ቢመጣ አትደናገጪ፣ እየነጨሽ ቆዪ።

ኮራሏ፦ ሰላም፣ ስድስት ሳምንት ሆነኝ። አርኦዲአይ ውሃ፣ መብራት 8 ሰዓት፣ ስድስት ትሮከስ፣ በየሳምንቱ ሁለት ድንጋይ በባልዲ። ሶስቱ ድንጋይ ንጹህ ሆኗል ወይንጠጅ ቀለሙ መታየት ጀምሯል፣ ኋላ ያለው ትልቁ ብቻ ትንሽ ቀርቶታል። እማዬ አሁን ቀንድ አውጣዎቹን ነው የምትቆጥረው። አንድ ነገር ግን፣ አንዱ ድንጋይ ስር አተር አተር የሚያካክል የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ኳስ አየሁ፣ ላፍርጠው?

አሳ ወዳጅ፦ እንዳታፈርጪው! በብል አልጌ ነው፣ ውሃው ውስጥ ከፈረጠ ዘሩ ሊበተን ይችላል። ድንጋዩን አውጥተሽ ባልዲው ላይ በጥፍርሽ ከስሩ ፈንቅለሽ ሙሉውን አንሺው። ከበዛብሽ ኤመራልድ ክራብ አንድ ግዢ።