ጥቆማ፦ ወንዝ ዳር ያለ ቦታ በምን ይለካ? ካርታውስ በምን ይሳል?

አቃቂ አካባቢ ወንዝ ዳር ቦታ ያላችሁ ሰዎች ይህን ደጋግማችሁ ትጠይቃላችሁ። ስልክ ይበቃል ወይስ ቀያሽ እንጥራ? የማውቀውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስልክ። ሰማዩ ክፍት ሲሆን እንኳ እስከ 5 ሜትር ገደማ ሊስት ይችላል። ለሰፊ እርሻ ግምት ለመያዝ ያግዛል። ለ200 ካሬ ግን አይሆንም። 10 በ20 በሆነ ቦታ አጭሩ ጎን በ1 ሜትር ከተሳተ 20 ካሬ ሄደ ማለት ነው።

ቦታው አራት ቀጥ ያሉ ጎኖች ብቻ ካሉት የሚጠቀለል ሜትር ይበቃል። ከማዕዘን ማዕዘን ሰያፉንም ለኩ፤ ያለዚያ ጎኖቹ ልክ ሆነው ቅርጹ ሊንጋደድ ይችላል።

ለወንዝ ዳር የኔ ምርጫ አርቲኬ ጂፒኤስ (የጂፒኤስን ስህተት እዚያው በዚያው የሚያርም መሣሪያ) ያለው ቀያሽ ነው። በደንብ ሲሠራ ስህተቱ በሴንቲ ሜትር ነው የሚቆጠረው። መሣሪያው ብቻውን ግን አያድናችሁም። ወንዙ ይታጠፋል፤ ካርታው ላይ የሚሰፍረው ግን ከነጥብ ወደ ነጥብ የተሰመረ ቀጥታ መስመር ነው። መታጠፊያው 50 ሜትር ራዲየስ አለው እንበል። ነጥቦቹ በ20 ሜትር ከተራራቁ መስመሩ መሀል ላይ ከወንዙ 1 ሜትር ይርቃል። በዚያች አንድ ቁራጭ ብቻ 13 ካሬ ያህል ይዛባል። በ10 ሜትር ከሆነ ርቀቱ 25 ሴንቲ ሜትር፣ በ5 ሜትር ከሆነ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ነጥብ በእጥፍ ሲጨምር ስህተቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። አርኪሜዲስም ፓይን (የክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር) በባለ 96 ጎን ቅርጽ ያጠበበው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ሁሌም ይደንቀኛል።

ስለዚህ ከዋጋ በፊት ቀያሹን "መታጠፊያው ላይ በስንት ሜትር ልዩነት ነጥብ ትወስዳለህ?" በሉት። "ቀጥ ባለው አሳሳለሁ፣ በሚታጠፈው አበዛለሁ" ካለ ያዙት። ሁሉም ቦታ እኩል የሚረግጥን አልመክርም።

ለመሳል ኪውጂአይኤስ የሚባለው የኮምፒውተር ካርታ መሥሪያ ነፃ ነው፣ ጥሩም ነው። ነጥብ ሲበዛ ለመቀነስ ዳግላስና ፖይከር በ1973 ያወጡት ዘዴ አለው። ሁለቱን ጫፎች በቀጥታ ያገናኛል፤ ከመስመሩ በጣም የራቀውን ነጥብ ይፈልጋል። ርቀቱ ከፈቀዳችሁት ካለፈ ነጥቡን ይዞ መስመሩን ለሁለት ይከፍላል። ካላለፈ በመሀል ያሉትን ሁሉ ይጥላል። ከዚያ በፊት ግን ካርታውን በሜትር ወደሚለካው ዩቲኤም ዞን 37 ቀይሩ። በዲግሪ እንዳለ የሚፈቀደውን ርቀት 1 ብላችሁ ከጻፋችሁ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ፈቀዳችሁ ማለት ነው!

የጎረቤት ቦታዎችን አብራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ማፕሼፐር የሚባለውን የካርታ ማቅለያ ፕሮግራም እመርጣለሁ። ተራው የማቅለያ ዘዴ እያንዳንዱን ቦታ ለየብቻው ስለሚያቀል የጋራ ወሰኑ ላይ ክፍተት ወይም መደራረብ ሊመጣ ይችላል። በኛ ሰፈር ደግሞ ጠብ የሚነሳው እዚያው ወሰኑ ላይ ነው። ማፕሼፐር የጋራ መስመሩን አንድ አድርጎ ይይዛል። እሱም በድር ላይ በነፃ ይሠራል።

ስለ ድሮ ካርታ ለጠየቃችሁኝ፦ ብዙዎቹ በአዲንዳን ሥርዓት (ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት የተለየ የድሮ የካርታ መለኪያ መነሻ) የተሠሩ ናቸው። ሳይቀየር ከጂፒኤስ ነጥብ ጋር ከደረባችሁት ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። ቀያሹ በየትኛው ሥርዓት እንደለካ ወረቀቱ ላይ እንዲጽፍላችሁ አድርጉ።