መሪው ተቆልፎ ቁልፉ አልዞር ብሏል፤ የመሪውን ዘንግ ሳልጎዳ የቁልፉን ማስገቢያ እንዴት ላውጣው?

ጤና ይስጥልኝ። መኪናዋ በ1980ዎቹ የተሠራች ባለ ማንዋል ማርሽ ናት። ቁልፉ እስከ መጨረሻው ይገባል፣ ግን አይዞርም።

የፊት ጎማው የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ተጭኖ ስለነበር፣ ጫናው የመቆለፊያውን ብረት ይዞታል ብዬ መሪውን ግራና ቀኝ እየገፋሁ ቁልፉን በቀስታ ሞከርኩ። አልሆነም። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፌ የፊቱን በክሪክ አነሳሁ። መሪው ትንሽ መወዛወዝ ጀመረ፣ ቁልፉ ግን ያው ነው። ስለዚህ ችግሩ ከጫናው ሳይሆን ከቁልፉ ማስገቢያ ይመስለኛል።

የቁልፉ ጥርሶች ተበልተው ጫፋቸው ክብ ሆኗል። 1 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ስስበው ጠቅ ይላል፣ ከዚያ ተመልሶ ይይዛል። ዘይት አቧራ ስለሚሰበስብ የግራፋይት ዱቄት ብቻ ነፋሁበት። በፒንሳ አላስገደድኩም፤ ውስጥ ከተሰበረ ይብሳል።

የከበደኝ ይህ ነው፦ ማስገቢያው የሚወጣው ቁልፉ አንድ ደረጃ ዞሮ ትንሿ ፒን ስትጫን ነው፤ መቆለፊያውን ከዘንጉ ጋር ያሰረው ማቀፊያ ብሎኖች ደግሞ ጭንቅላት የላቸውም። ብሎኖቹን በመሮና በመዶሻ ልፍታ ወይስ ማስገቢያውን በትራፓኖ ልብሳ? በስንት ሚሊ ሜትር? ከተበላው ቁልፍ ሳይሆን በቁልፉ የፋብሪካ ኮድ (መለያ ቁጥር) አዲስ ማስቀረጽስ ይቀድማል? እባካችሁ የሠራችሁት ንገሩኝ።