ቡናን ይዤ የግሎባል ትሬንድስ አሳይመንት፦ ቲዮሪዎቹን እንዴት ላስገባቸው?

ሀያት_ጅማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጉዳይ መርጠን በሦስቱ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ቲዮሪዎች፣ ማለትም በሪያሊዝም (አገሮችን የሚመራው ኃይልና ደህንነት ነው የሚለው)፣ በሊበራሊዝም (በተቋምና በስምምነት መተባበር ይቻላል የሚለው)ና በኮንስትራክቲቪዝም (አስተሳሰብና ልማድ ይወስናል የሚለው) እንድንተነትን ታዘናል፤ ከ5 ገጽ መብለጥ የለበትም። ጅማ ተቀምጬ ከቡና ሌላ ምን ልምረጥ ብዬ «ቡና እና የዓለም ፖለቲካ» ብዬ ጀመርኩ፤ ግን የቲዮሪ ትርጉም ከመደርደር አላለፍኩም። ከየት ልያዘው?

አዌቱ፦
እህቴ፣ ርዕሱ ጥያቄ የለበትም፤ ችግሩ እሱ ነው። «ለምን» የሚል አንድ ጥያቄ ያዢ። ለምሳሌ፦ የዓለም አቀፉ ቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1989 ለምን ፈረሰ?

ስምምነቱ የተፈረመው በ1962 ነው። እያንዳንዱ ላኪ አገር የሚልከው መጠን በኮታ ይወሰናል፤ ዋጋ ሲወርድ ኮታው ይጠባል፣ ሲንር ይለቀቃል። ድምፁ ለላኪዎች 1000፣ ለገዢዎች 1000 ነበር፤ አንድ አገር ከ400 በላይ መያዝ አይችልም። እንግዲህ ገዢ አገሮች ዋጋ እንዳይወርድላቸው በሚያደርግ ሥርዓት ውስጥ ወደው ገብተዋል ማለት ነው። እዚህ ጋ ነው ቲዮሪ የሚያስፈልገው።

ሪያሊስቱ፦ ከ1959ኙ የኩባ አብዮት በኋላ አሜሪካ ላቲን አሜሪካ እንዳታመልጣት ሰግታ ነው ውድ ቡና ለመግዛት የተስማማችው፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ስጋቱ ሲበርድ ስምምነቱም ደጋፊ አጣ ይላል። ሊበራሉ ተቋሙን ይመረምራል። መቆጣጠሪያው የትውልድ አገር ሰርተፊኬት ነበር፤ ያለ እሱ የአባል አገር ጉምሩክ ቡና አያስገባም። ቀዳዳው ደግሞ አባል ያልሆነው ገዢ ነው፦ ለእሱ ከኮታ ውጭ በርካሽ ይሸጣል፣ ከዚያ ቡናው ዞሮ አባል አገር ይገባል። በሕግ የሚገዛው በውድ እየገዛ ሌላው በርካሽ ካገኘ ማን ሕግ ይጠብቃል? ኮንስትራክቲቪስቱ በአጭሩ፦ በ1960ዎቹ መንግሥት የሸቀጥ ዋጋ መደገፉ ነውር አልነበረም፤ በ1980ዎቹ «ገበያው ይወስን» ማለት ወግ ሆነ። ይሄኛው ማስረጃው ስለሚላላ በሁለት አንቀጽ ይብቃሽ።

ሂርማታ፦
አዌቱ ያለው ልክ ነው፤ ግን ሪያሊዝሙን እንዲሁ አትቀበዪው። ኮታው ከ1973 እስከ 1980 ታግዶ ነበር። ቀዝቃዛው ጦርነት አላበቃም፣ ኮታው ግን የለም! ስጋት ብቻ ቢሆን ምክንያቱ ይሄ ባልሆነ ነበር። በ1975 የብራዚል ውርጭ ዋጋውን ሰማይ ሲሰቅለው ደግሞ ለኮታ የሚቸኩል አልነበረም። ቲዮሪው የማይመልሰውን እንዲህ ፈልጎ ማሳየት ነው ትንታኔ የሚባለው፤ ትርጉም መጻፍማ ሞጁሉም ይጽፋል።

ሁለት የተለመዱ ስህተቶች፦ ሊበራሊዝምን ከፓርቲ ፖለቲካ ጋር መቀላቀል፣ እና ዓመተ ምሕረት ማደባለቅ። 1989 እ.ኤ.አ. ኮታው የታገደው ጁላይ ላይ ስለሆነ በእኛ 1981 ነው፤ አንዱን አቆጣጠር ይዘሽ እስከ መጨረሻ ሂጂ።

ሀያት_ጅማ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። ኢትዮጵያንስ የት ላስገባት?

አዌቱ፦
በቡና ዓይነት ግቢ። በስምምነቱ አመዳደብ የእኛ ቡና ከብራዚል ጋር «ያልታጠበ አረቢካ» ውስጥ ነበር፤ ጅማ ላይ ጀንፈሉ (ፍሬው ከነቅርፊቱ) እንደደረቀ የሚፈለፈለው ቡና ማለት ነው። የገዢው ፍላጎት ወደ ታጠበ ቡና ሲያዘነብል የመካከለኛው አሜሪካ አገሮች ኮታችን ይጨመር አሉ፣ ብራዚል ከድርሻዬ አልቀንስም አለች። የ1989ኙ የኮታ ድርድር የተሰበረው በዋናነት እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በጥቂት ወራት ዋጋው ወደ ግማሽ ወረደ።

ሂርማታ፦
ገጽ ከተረፈሽ የአውሮፓ ኅብረትን የደን ሕግ አነጻጽሪ። ከዲሴምበር 31፣ 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና አይገባም ይላል። የማሳው መገኛ በኮኦርዲኔት ይመዘገባል፤ እስከ 4 ሄክታር አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ዙሪያው ይለካል። በቡና ስምምነቱ ላኪዎች ግማሹን ድምፅ ይዘው ነበር፤ ይሄን ሕግ ግን ያወጣው ገዢው ብቻውን ነው። ተፈጻሚነቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ስለተራዘመ ከማስረከብሽ በፊት ቀኑን አጣሪ።