ጆን ግላድስተን ዴሜራራን ሳይረግጥ የእርሻ ጌታ የሆነው እንዴት ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሊቨርፑሉ ነጋዴ ጆን ግላድስተን (1764–1851 እ.ኤ.አ.) እየጻፍኩ ነው፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የዊልያም ግላድስተን አባት። ሁለት ነገር አልገባኝም። የእህል ነጋዴ ሆኖ ሳለ ወደ ሸንኮራ እርሻ በየት በኩል ገባ? ባርነት ሲቀር በባርነት ይዟቸው ለነበሩ 2,508 ሰዎች ከብሪታንያ መንግሥት 106,769 ፓውንድ ካሳ ወስዷል፤ ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 42 ፓውንድ ተኩል ገደማ ነው። ዴሜራራ ያለችበት የብሪቲሽ ጊያና (የደቡብ አሜሪካ ቅኝ ግዛት) አማካይ ግን 52 ፓውንድ ያህል ነበር። ልዩነቱ ከየት መጣ?

ወደበኛው፦ የገባው በብድር ነው። ባለእርሻው ምርቱ ሳይደርስ ለጨርቅ፣ ለመሣሪያ፣ ለጨው ዓሣ ገንዘብ ይፈልጋል። ነጋዴው ያበድረዋል፤ መሬቱንም በባርነት የተያዙትንም ሰዎች በመያዣነት ያስፈርማል። ስኳሩ ለአበዳሪው ተልኮ በእሱ እጅ እንዲሸጥ ይደረጋል፤ ከሽያጩ ላይ ወለዱ፣ ኮሚሽኑ፣ የመርከብና የመድን ወጪው ይቀነሳል። ዋጋ ሲወድቅ ተበዳሪው መክፈል ያቅተዋል፣ እርሻውም ወደ አበዳሪው ይዞራል። ግላድስተን በ1803 ዴሜራራ ውስጥ ባለው ቤልሞንት እርሻ ላይ የጀመረው በዚህ መንገድ ነው። ሰክሰስ የተባለውን እርሻ በ1812 ግማሹን፣ በ1816 ቀሪውን ያዘ፤ ከዚያም ወደ ስኳር አዞረው። ስኳር ከቡና ይልቅ ሰው ይፈጃል፦ አገዳው ከተቆረጠ በኋላ ሳይውል ሳያድር ካልተጨመቀ ስለሚበላሽ፣ በመከር ወቅት ማፍያው ሌሊትም አይጠፋም። ግላድስተን ራሱ አንድም ቀን እዚያ አልሄደም። ሁሉም ነገር በወኪሉ በፍሬድሪክ ኮርት እጅ ነበር፤ ግላድስተን ሠራተኞቹ ተመችቷቸዋል የሚለውን የኮርትን ሪፖርት እያመነ በሕዝብ ፊት ይሟገትበት ነበር።

ባለመዝገብ፦ ካሳውን በተመለከተ፣ 2,508ቱ ሁሉም ከጊያና አይደሉም። ጃማይካ ውስጥም ላኮቪያና ሆላንድ የሚባሉ እርሻዎች ነበሩት፤ የጃማይካ አማካይ ደግሞ 20 ፓውንድ ገደማ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ አማካዩ ይወርዳል። ተመኑ በየቅኝ ግዛቱ የተለያየው በ1822 እና በ1830 መካከል በነበረው የሽያጭ ዋጋ ስለተሠራ ነው። ጊያና ለም መሬት ነበራት፣ የሰው እጥረትም ነበረባት፣ ስለዚህ ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበር። በአንድ ቅኝ ግዛት ውስጥም የእጅ ባለሙያ፣ የእርሻ ሠራተኛ፣ ሕፃንና አረጋዊ እያንዳንዱ የየራሱ ተመን ነበረው። ስለዚህ ጠቅላላውን ለጠቅላላ አታካፍል፤ ካሳው የተጠየቀው በየእርሻው፣ በየራሱ ቁጥር ነው። ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ነገር፦ ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚወስደው በመዝገብ የተጻፈው ባለቤት ሳይሆን መያዣ የያዘው አበዳሪ ነው። የሰዎቹን ስም፣ ዕድሜና የትውልድ ቦታ የምታገኘው ለንደን ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ቲ 71 በሚለው ክፍል፣ በየሦስት ዓመቱ በተሞሉት መዝገቦች ውስጥ ነው። ነፃ የወጡት ራሳቸው ሰባራ ሳንቲም አልተሰጣቸውም።

ቋሚ አንባቢ፦ ወንድሜ፣ በባርነት የተያዙት ሰዎች በ1823 ዴሜራራ ውስጥ ያነሡትን አመፅ ሳትጠቅስ እንዳታልፍ። ነሐሴ 18 ቀን (በፈረንጆቹ) ከሰክሰስ ተነሥቶ ከ10,000 በላይ ሰው ተሳትፎበታል። መሪዎቹ አናጺው ኳሚናና ልጁ ጃክ ነበሩ፤ ኳሚና የቤቴል ጸሎት ቤት ዲያቆን፣ ጃክ በርሜል ሠሪ። ጃክ በጌታው ስም «ጃክ ግላድስተን» ተብሎ ስለተመዘገበ የነጋዴው ዘመድ አድርገው የሚጽፉ አሉና ተጠንቀቅ። ኳሚና በጥይት ተገድሎ አስከሬኑ በሰንሰለት ታስሮ ሰክሰስ ላይ ተሰቀለ፤ ጃክ ወደ ሴንት ሉሺያ ተጋዘ። ጽሑፍህንም በካሳው አትዝጋው፤ ግላድስተን በ1836 ወደ ካልካታ ጽፎ ሕንዳውያን ሠራተኞች በ5 ዓመት ውል እንዲላኩለት ጠይቋል። የመጀመሪያዎቹ በዊትቢና በሄስፐረስ መርከቦች ግንቦት 1838 ደረሱ። ከፊሎቹ በእሱ በፍሬድ-ኤን-ሁፕ እርሻ ላይ ተመድበው ሲገረፉ ስለተገኙ ነገሩ ለንደን ድረስ ጭቅጭቅ አስነሣ።